ዋጋው ያልጨመረ ዳቦ

ዋጋ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበረ። ጠዋት ተነሥቶ ገበያ ይወርዳል፤ የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን፣ የምስሩን፣ የሳሙናውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ይጽፋል፤ ከዚያ ከሚሻለው ቦታ ይገዛል።

ታገሠኝ እንድሪስ። የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «በየዓመቱ ለአረፋ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ በስምንት ዓመት አንድም ጊዜ አላጓደልኩም፤ እሷ ግን ለጎረቤት ‹ልጄ ቀረብኝ› ትላለች፤ ምን አጠፋሁ?» አልከኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ቁርኣን ሳስቀራ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ስለ ገበያ ብዙ አላውቅም። ይህን ሰው ግን አውቀው ነበር፤ የደረሰበትንም ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። እሱን ልንገርህ።

ሰውየው የሚገዛው ለቤቱ አልነበረም። በከተማው ዳር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነበረ፤ ጧሪ ያጡ አርባ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት ይኖሩበታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ቤቱ የሚተዳደረው የከተማው ሰው በየወሩ በሚያዋጣው ነው። የሰውየው ሥራ በዚያች መዋጮ አርባ ሦስት ሰው ማብላት ነበር።

ከዚያ የኑሮ ውድነቱ መጣ። ማክሰኞ የጠየቁት ዋጋ ሐሙስ ሲሄዱ የለም። ሰውየው ትልቅ ደብተር ገዛና እያንዳንዱን ዕቃ በየቀኑ መመዝገብ ጀመረ። ሦስት ሱቅ ይጠይቃል፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከገጠር የሚመጣውን ሰው ይጠይቃል። ኪሎው ሠላሳ አምስት ብር የነበረ ሽንኩርት ስድሳ ገባ፤ ስድሳው ሳይለመድ መቶ ዐሥር ሆነ። ዘይት በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ዘለለ። ምስር የጠየቀ ዕለት ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረው «የአንድ ኪሎ ነው የሁለት?» ብሎ ደግሞ ጠየቀ፤ ነጋዴው ሳቀበት። ሰውየው አልሳቀም። የተነገረውን ጻፈው። በገበያው ውስጥ «ስንት ገባ» የሚል ስም ወጣለት። ገና ከሩቅ ሲያዩት «ስንት ገባ መጣ!» ይባባላሉ።

ጤፍ የማይቀመስ ሲሆን የመጦሪያው ኮሚቴ ተሰበሰበ። «እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን፤ በሌላው ቀን ዳቦ ይብሉ» ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ደብተሩ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ያልተነቃነቀ አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ ዳቦ። አምስት ብር ነበረ፤ አምስት ብር እንደሆነ ቀረ። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ሦስት ዳቦ ተመደበ፤ ጠዋት በሻይ፣ ቀን በወጥ፣ ማታ በሾርባ።

ቁርስ ላይ ደብተሩን ያነብላቸዋል። የጠየቁት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ በጉልበታቸው ዘመን ነግደው፣ አርሰው፣ ሸምነው የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ የገበያ ወሬ ይናፍቃቸዋል። «ዘይት» ብሎ ዋጋውን ሲጠራ «ኧረ በአላህ!» ይላሉ። «ሽንኩርት» ሲል አንዷ «በማርያም!» ብላ አፏን ትይዛለች። አንድ ሽማግሌ «እኔ በዚህ ገንዘብ በሬ ገዝቻለሁ» ይላሉ፤ በየቀኑ ይላሉ። ዳቦን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። «ዳቦ» ይልና ቀና ብሎ ያያቸዋል። ከዚያ «ዛሬም አምስት ብር። አልጨመረም!» ሲል ፊቱ ይበራል። እነሱም «ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉለታል።

ዐሥራ ዘጠኝ ወር እንዲህ ኖሩ።

ከአረጋውያኑ አንዷ እማማ ጦይባ የሚባሉ የቀድሞ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ግዙፍ ሴት ናቸው። ወደ መጦሪያው የመጡ ዕለት ከጋሪ ለማውረድ ሁለት ወንድ አስፈልጎ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ አዳለጣቸውና ወደቁ። ሰውየው የገዛውን እያወረደ ነበር፤ ጥሎ ሮጠ። ከባድ መሆናቸውን ያውቃል። ስለዚህ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አነሣቸው።

ወደ ኋላው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ክብደት የለም። እቅፉ ውስጥ የገባው ቀሚሱና ሻሹ ብቻ መሰለው። «የታጠፈ ብርድ ልብስ ያነሣሁ ነበር የመሰለኝ» ብሎኛል። ይዟቸው እዚያው ደርቆ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ? አውርደኝ እንጂ» አሉት።

አልጋቸው ላይ አስተኝቶ ከጤና ጣቢያው ነርስ አስጠራ። ወጣት ሴት ናት። ክንዳቸውን በአውራ ጣቷና በመሐል ጣቷ ስትይዘው ጣቶቿ ተገናኙ።  ተነሥታ በየአልጋው ዞረች፤ የአንዱን እጅ፣ የሌላውን ትከሻ ዳሰሰች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የሚበሉት ምንድን ነው?»

«በቀን ሦስት ዳቦ። አንድ ቀን እንኳን ተጓድሎ አያውቅም» አላት። ኮራ ብሎ ነው ያለው።

«ዳቦው ምን ያህል ነው?»

«አምስት ብር። ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ አልጨመረም።»

«ዋጋውን አልጠየቅኩዎትም» አለችው። «ስንት ግራም ነው?»

ሰውየው ብድግ አለ። 

መጋዘን ገባ። ሚዛን አለ፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ስኳሩን ይመዝንበታል። ዳቦ ግን ሲመጣ ይቆጠራል እንጂ ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዐሥር ዳቦ ቆጥሮ አስቀመጠ። ሲጀመር አንዱ መቶ ግራም ነው ተብሎ ነበር፤ ዐሥሩ አንድ ኪሎ መምጣት አለበት። መርፌው ስድስት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ዳቦውን አወረደና የአንድ ኪሎውን ብረት አስቀመጠበት። ልክ ነው፤ አንድ ኪሎ። ሌላ ዐሥር ዳቦ አወጣ። ስድስት መቶ ዐሥራ አምስት።

አንዱን በእጁ ይዞ አየው። በየቀኑ ሲቀበለው የኖረ ዳቦ ነው። ያየው ግን ያን ዕለት ነው። ደብተሩን ከፈተ። ዳቦ አምስት፣ ዳቦ አምስት፣ ዳቦ አምስት፤ ገጽ በገጽ። አንድም የሐሰት ቁጥር የለበትም። 

በቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ባለ ዳቦ ቤቱ ዱቄት እንደለበሰ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ዋጋ አልጨመርክም» አለው ሰውየው።

«አልጨመርኩም።»

«ዳቦውን ግን ቀንሰሃል።»

ባለ ዳቦ ቤቱ አልካደም። እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ቀንሻለሁ» አለ። «ዱቄቱ ስንት እንደገባ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። በደብተርህ ላይ አለ። ዱቄት እጥፍ ሲሆን ዳቦ እንዴት አምስት ብር ይሆናል ብለህ አስበህ አታውቅም?»

 የዱቄትን ዋጋ ሰውየው ራሱ ጽፎታል። ከዳቦው በላይ ባለው መስመር ላይ ነው የጻፈው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆመህ ‹ዛሬስ ስንት ነው?› ትለኛለህ። ‹አምስት› ስልህ ዓይንህ እንባ ያቀርራል፤ ልጆችህን ያሳድግልህ ብለህ ትመርቀኛለህ። ስንት ቀን ‹ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ነው› ልልህ አስቤ አድሬ ጠዋት ፊትህን ሳይ አፌ ተያዘ። ደግሞም በአንድ ጊዜ አልቀነስኩትም። ሦስት ግራም፣ ሌላ ጊዜ አምስት ግራም። ከሊጡ ቆንጠር እያደረግሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ አሁን ስንት እንደደረሰ እኔም አላውቅም። ስንት ደርሷል?»

«ስድሳ ሁለት።»

ባለ ዳቦ ቤቱ ራሱ ደነገጠ። «ስድሳ ሁለት?» አለ። «ስድሳ ሁለት ደርሷል?» አጠገቡ ባለው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ሊጣላው ነበር የሄደው፤ ያን ፊት ሲያይ ጠቡ ከላዩ ወረደ። ወደ መጦሪያው ተመለሰ።

ሲደርስ አረጋውያኑ ምሳ ሊበሉ ተቀምጠው ነበር። አዳራሹ መሐል ቆመ። ደብተሩን አልከፈተም። «ዐሥራ ዘጠኝ ወር አታልያችኋለሁ» አላቸው። «ሦስት ዳቦ እያልኩ ሁለት የማይሞላ ስሰጣችሁ ነው የኖርኩት። ዛሬ መዘንኩት። አላወቅኩም ነበር፤ ይቅር በሉኝ።»

ጩኸት ይነሣል ብሎ ነበር። አልተነሣም። በኋላ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ ሸማኔ የነበሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናውቃለን ልጄ» አሉ።

«ታውቃላችሁ?»

«ዓይኔ አያይም፤ እጄ ግን ያያል። መጀመሪያ ዳቦው ከመዳፌ ይተርፍ ነበር። አሁን ጣቴን ስከድንበት አይታይም ይሉኛል።»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ሁሉም አቀርቅረዋል። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አላቸው።

በማርያም የምትለዋ አሮጊት ናት የመለሰችለት። «እንዴት ብለን ልጄ? የዘይቱን ስትነግረን ትከሳለህ፣ የምስሩን ስትነግረን ትጠቁራለህ። ደስ የሚልህ ዳቦው ላይ ስትደርስ ብቻ ነው። እሷን አንንጠቅህ ብለን ነው።»

ሰውየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ግን አልጨረሱም ነበር።

«እኔም የማወጣው አለኝ» አሉ። «ጦይባ የማታ ዳቦዋን ለእኔ ነው የምትሰጠኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ። ‹ጠግቤያለሁ፣ ብላ› ትለኛለች። ሰው በዚህች ዳቦ እንደማይጠግብ አውቃለሁ። ግን እኔም ርቦኝ ነበርና ማመን ፈለግሁ፤ አመንኳት።» ይህን ብለው በዚያ በማያይ ዓይናቸው አለቀሱ። የቀረበው ወጥ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ሰውየው ኮሚቴውን ሰበሰበና ሚዛኑን ተሸክሞ ገባ። ዐሥሩን ዳቦ ፊታቸው መዘነ። አንዱ የኮሚቴ አባል፣ ባለጸጋ ነጋዴ፣ ደብተሩን አገላብጦ «እኔ እዚህ ላይ ስሕተት አላየሁም፤ ንጹሕ ሥራ ነው» አለ።

«ሥራውማ ንጹሕ ነው» አለው ሰውየው። «ና ከአረጋውያኑ አንዱን አንሥተህ እይ።»

ነጋዴው የቀልድ መስሎት ነበር። ሰውየው ይዞት ሄደ። እማማ ጦይባ አልጋ ዘንድ ሲደርሱ ሰውየው «አቅፈህ ቀና አድርጋቸው፤ ትራሱን ላስተካክል» አለው። ነጋዴው አቀፋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ደብተሩ አንድ ቃል አልተናገረም። በዚያው ሳምንት ሁለት ኩንታል ዱቄት ላከ፤ ለሌሎች ነጋዴዎችም የሆነውን እየዞረ ተናገረ። መዋጮው እንደ ምንም ከፍ አለ። ባለ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ዳቦውን እንደ ጥንቱ መቶ ግራም አድርጎ በስምንት ብር ሊሰጥ ተስማማ።

ሰውየው ቁርስ ላይ ደብተሩን ይዞ ገባ። «ዳቦ» አለ። «ስምንት ብር።» አዳራሹ ውስጥ «ውይ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ዳቦው ቀረበ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በእጃቸው ያዙት፤ አገላበጡት፤ ጣታቸውን ሊከድኑበት ሞከሩ፤ አልከደን አላቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ያን ዕለት ያሉት ከልባቸው እንደሆነ ሰውየው ከድምፃቸው ለየው። የዐሥራ ዘጠኙን ወር «አልሐምዱሊላህ» አስታወሰ።

እማማ ጦይባ አልሞቱም። ነርሷ ወተትና እንቁላል አዘዘችላቸው፤ በሁለት ወር በእግራቸው ቆሙ። ግን የቀድሞዋ ጦይባ አልተመለሱም። በዚያ ዕድሜ የሄደ ሥጋ ሁሉ ተመልሶ አይመጣም። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ሰውየው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ይቅርታ ለመናቸው።

«ያን ቀን ስታነሣኝ ምን አልክ?» አሉት።

«ደነገጥኩ።»

«የወደቅኩት እኔ፤ የደነገጥከው አንተ።» ሳቁ። «እንግዲህ በየወሩ አንድ አንድ ጊዜ አንሣኝ። መጻፉንም ጻፍ፤ ግን አንሣኝ።»

የምሩን አደረገው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስቱንም በተራ ያነሣል። ሽማግሌዎቹ እንደ ሕፃን ይስቃሉ፤ አንዳንዱም «ወገቤን! ወገቤን!» ይላል። እሱ ግን አይስቅም ነበር። እጁ የሚነግረውን እያዳመጠ ነው።

እንግዲህ እንድሪስ፣ ያ ሰው አንተን ይመስላል። አረፋ አልቀረህም፤ ስምንት ጊዜ ሄደሃል፤ በዚህ እናትህም አትከራከርህም። እኔ የምጠይቅህ ነርሷ የጠየቀችውን ነው፤ ምን ያህል? በመጀመሪያው ዓመት፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተህ ሾፌር ስትሆን፣ ዐሥር ቀን ቆየህ፤ ጣራዋን ደፍነህ፣ አጥሯን አጥረህ እንደመጣህ ሰምቻለሁ። በኋላ አምስት ቀን ሆነ። ከዚያ ሁለት አዳር። ከዚያ ምሳ በልተህ መመለስ። የአምናውን ራስህ ነህ የነገርከኝ፤ የጫንከው ዕቃ ስለነበር መኪናውን ደጃፏ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ፣ ገንዘቡን ሰጥተህ፣ ጉንጯን ስመህ ወጣህ። ‹አላጓደልኩም› ስትለኝ እሱንም ቆጥረኸዋል።

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?» ትለኝ ይሆናል። በሩ ላይ ቆመህ ‹ይኸው መጣሁልሽ!› እያልክ እንደዚያ ደስ ብሎህ ስታይህ ምን ብላ ትንገርህ? ለጎረቤት ነገረች።

ደነገጥክ። ደግ አደረግህ፤ ያም ሰው የዳነው በድንጋጤው ነው። የዘንድሮውን አረፋ አትጠብቅ፤ ነገ ሂድ። ስትደርስ ሞተሩን አጥፋ።